ባሌ «ላም አለኝ በሰማይ» አለኝ

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። የምንኖረው አዲስ አበባ በኪራይ ቤት ነው። በ2005 ዓ.ም. ለ40/60 ኮንዶሚኒየም ተመዝግበን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እየቆጠብን ነው። ዕጣ ወጣ በተባለ ቁጥር ስማችንን ፈልገን አጥተናል። በእነዚህ ዓመታት አምስት ቤት ቀይረናል።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አንዲት ጓደኛዬ አዳር ጸሎት ወሰደችኝ። አገልጋዩ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጠርቶ አስነሣኝ። ‹ቁልፍ በእጅሽ አያለሁ፤ ይህ ዓመት ሳያልቅ ቤትሽ ትገቢያለሽ፣ ይላል ጌታ› አለኝ። እንዴት እንዳለቀስኩ! ከዚያ ‹በዚህ ቃል ላይ ዘር ዝሪበት› ተባልኩ። በዚያው ሳምንት ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። 30 ሺህ ብሩን እንዳለ ወስጄ ሰጠሁ። ለባሌ ዕቁቡ ገና አልደረሰኝም ነው ያልኩት። ቁልፉ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ።

ጳጉሜን አለቀች፤ አዲስ ዓመት ገባ። ቁልፍ የለም። ይባስ ብሎ አከራያችን ኪራይ ጨመሩብን። አገልጋዩን ለማግኘት ብሞክር ሰዎቹ ‹እምነትሽ ጎድሎ ይሆናል፤ ራስሽን መርምሪ› ብለው መለሱኝ። ባሌ መጀመሪያም ትንቢቱን ስነግረው ስቆ ነበር። አሁንማ ‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ› እያለ ይተርትብኛል። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተወ። ከሁሉ የከበደኝ ግን የ11 ዓመት ልጄ ናት። ‹እማ፣ እግዚአብሔርም ነገ ተመለሱ ይላል እንዴ?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። እትዬ፣ እግዚአብሔር ቃሉን ይጠብቃል? ወይስ ያበላሸሁት እኔ ነኝ?

ቁልፍ ጠባቂዋ»

ታናሽ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅሽ ጋ ስደርስ ሳቅሁ፤ ይቅር በይኝ። ከዚያ ሳቁ ጠፋብኝ። ልጅቷ እየቀለደች አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ሸክም ላውርድልሽ። እምነትሽ አልጎደለም። እምነት የጎደላት ሴት ዕቁቧን እንዳለ አታስረክብም። የተባለው ሳይሆን ሲቀር ጥፋቱን በሰሚው ላይ ማላከክ የቆየ ዘዴ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ዘዳግም 18ን እስከ መጨረሻው አንብቢ። ነቢይ በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ነገሩ ካልሆነ፣ ያ እግዚአብሔር ያልተናገረው ነው፤ ሰውየው በድፍረት ነው የተናገረው ይላል። የሚመረመረው ተናጋሪው ነው። ሰሚዋ ራሷን ትመርምር የሚል ነገር እዚያ የለም። ምዕራፉ የሚያበቃው ደግሞ «አትፍራው» ብሎ ነው። ይህን የምነግርሽ አሁንም ሰውየውን የምትፈሪው ስለሚመስለኝ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር ቀን ቆርጬለት ነበር። ሰው አልተነበየልኝም፤ ራሴው ነኝ። ውጭ አገር ለመማር አመልክቼ መልስ ስጠብቅ ኤርምያስ 29፥11ን ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለውን። ታውቂዋለሽ፤ ዛሬ በየታክሲው፣ በየካላንደሩ፣ በየምርቃቱ ኬክ ላይ አለ። ከሥሩ ቀን አስቀመጥኩ። ቀኑ መጣና አለፈ። ከእግዚአብሔር ጋር አንድ ዓመት ያህል ተኳረፍን። ማለቴ፣ እኔ አኮረፍኩ።

አንድ መስመር ከፍ ብዬ ቁጥር 10ን ያነበብኩት ግን ከስንት ዓመት በኋላ መሰለሽ። «ሰባው ዓመት በባቢሎን በተፈጸመ ጊዜ» ይላል። ሰባ ዓመት! ያ ደብዳቤ ከተጻፈላቸው ምርኮኞች አብዛኞቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩትም ማለት ነው። እኔ በመጋቢት እፈልገው ነበር።

ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። በቤተ መቅደስ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹ ይመለሳሉ ብሎ ተናገረ። ደስ የሚል ትንቢት ነው፤ ቀንም ተቆርጦለታል። ኤርምያስ መጀመሪያ ምን ብሎ መለሰለት? «አሜን፥ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ።» ይህን መልሱን እወድለታለሁ። ለእሱም ቢሆንለት ደስ ይለው ነበር። ግን አልነበረም። ሐናንያም በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የላከው ምክር ሌላ ነው። ቤት ሥሩ፣ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክሉ፣ ፍሬውንም ብሉ፣ ያላችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ። አየሽ፣ ሐናንያን ያመነ ሰው ጓዙን አስሮ ቁጭ ይላል። ሁለት ዓመት ለማይሞላ ነገር ማን ችግኝ ይተክላል? እንዲህ ያለ ተስፋ የሚጎዳው ቀኑ ሲያልፍ ብቻ አይደለም። እስከዚያ ያለውንም ኑሮ ይበላል። ባለፈው ዓመት የሳሎኑን መጋረጃ ቀይረሻል? እንዳልቀየርሽ እገምታለሁ። «አዲሱ ቤት ስንገባ» ብለሽ።

ታዲያ እግዚአብሔር ቃል የገባው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ቋንቋችንም ትንሽ ያወናብደናል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ተስፋ» ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። የሰው ምኞትና ጥበቃም ተስፋ ነው፤ የእግዚአብሔር ቃል መግባትም ተስፋ ነው። «የተስፋይቱ ምድር» ስንል ቃል የተገባችው ምድር ማለታችን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ «ተስፋ ሰጥተውኛል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ሊሆንም፣ ላይሆንም ይችላል። እኛ ሦስቱንም አንድ ላይ እንቀቅላቸዋለን። ባለሁለት መኝታው ቤት ያንቺ ተስፋ ነው፤ ጥሩ ተስፋ ነው፤ ጸልዪበት። የእሱ የተስፋ ቃል ግን አይደለም። የትም ቦታ አልተናገረውም።

የተናገረውን ከፈለግሽ፣ ለገንዘብና ለኑሮ የሚጨነቁ ሰዎችን አስቦ የተጻፈ አንድ አለ። ዕብራውያን 13፥5። «አልለቅህም ከቶም አልተውህም።» «በዓለም ሳላችሁ መከራ አለባችሁ» የሚለውም የራሱ የጌታ ቃል ነው፤ እሱን ኬክ ላይ የሚጽፈው የለም እንጂ።

አሁን ፊትሽ ይታየኛል። ኪራይ በ«አልለቅሽም» አይከፈልም። እውነትሽን ነው። አከራይሽ ጥቅስ አይቀበሉም። ለዚህ ነው አብርሃምን ማምጣት የምፈልገው። ስለ ይስሐቅ አይደለም፤ እሱን ጠግበሽዋል። ስለ መሬቱ ነው።

አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። ከነዓን ሲደርስ ይህችን ምድር ለዘርህ እሰጣለሁ ተባለ። ሣራ በ127 ዓመቷ ስትሞት እሱ 137 ሆኖታል። ቁጠሪው፤ 62 ዓመት። በዚያ ሁሉ ዓመት ሚስቱን የሚቀብርበት መሬት እንኳ አልነበረውም። እስጢፋኖስ በሐዋርያት ሥራ 7 ላይ ይህንኑ ሲያነሣ፣ የእግር ጫማ የሚያህል ርስት አልሰጠውም ይላል። ስለዚህ አብርሃም ሄዶ ገዛ። ዘፍጥረት 23ን ዛሬ ማታ አንብቢውማ፤ ደላላ መሃል ያለ ነው የሚመስልሽ። ባለመሬቱ ኤፍሮን በመጀመሪያ «በነጻ ውሰድ» ይላል። ቀጥሎ 400 ሰቅል ብር የሚያወጣ መሬት በእኔና በአንተ መካከል ምንድን ነው ይላል። ዋጋውን እንዲህ አድርጎ ጣል አደረጋት! ዳዊት በኋላ ዘመን አንድ አውድማ ከነበሬዎቹ የገዛው በ50 ሰቅል ነው። አብርሃም ግን አልተከራከረም። 400ውን መዘነ፣ በከተማዋ በር በሰው ሁሉ ፊት ከፈለ፣ ሚስቱን ቀበረ።

ምድሪቱ ሁሉ የዘርህ ናት የተባለ ሰው ለመቃብር በገንዘቡ ሲከፍል አስቢው። «ቃል ተገብቶልኛልና አልከፍልም» አላለም። «ቃሉ ውሸት ከሆነ ሣራን ወደ ካራን ወስጄ ልቅበራት»ም አላለም። ተስፋ በተሰጠው አገር መሃል፣ በገበያ ዋጋ፣ ያውም በተወደደ ዋጋ፣ የሚያስፈልገውን ገዝቶ ኑሮውን ቀጠለ። በ175 ዓመቱ ሞቶ በዚያችው ዋሻ ከሣራ ጋር ተቀበረ። በአንቺ ቤት አምስት ቤት መቀየር ብዙ ነው። ሰውየው 100 ዓመት በድንኳን ኖሯል።

ስለ እሱና ስለ መሰሎቹ ዕብራውያን 11፥13 እንዲህ ይላል፦ «የተሰጣቸውን የተስፋ ቃል አላገኙምና፤ ዳሩ ግን ከሩቅ ሆነው አዩትና ተሳለሙት።»

ተሳለሙት! ይህን ቃል የመረጡትን ተርጓሚዎች ባገኛቸው እጃቸውን እስም ነበር። እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች። ታክሲ ውስጥ ሆና የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ካየች ወሬዋን አቋርጣ ታማትባለች፤ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ታክሲው አይቆምም፤ እሷም አትወርድም። ጉዳይ አለባት፤ ምናልባት ሽንኩርት ልትገዛ ነው። ግን ተሳልማለች። ከዚያ ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች። ልጅ ሆኜ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን እምነት ስባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ አንገት ነው።

ባልሽ የተረተው ተረት ለቁልፉ ልክ ነው። ቁልፉ የሰማይ ላም ነበር፤ ማንም አላያትም፣ ወተቷንም ማንም አይቀምስም። በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ለአብርሃም አምላክ ግን ተረቱ አይሠራም። ከሩቅ የሚሳለም ሰው የሚሳለመው ያለ ነገር ነው። እሱ ነው ያልደረሰው እንጂ።

ያለ ነገር መሆኑን በምን አወቅሽ ብትይኝ፣ ክርስቲያን የሚጠቅሰው አንድ ባዶ መቃብር ነው፤ እኔም ሌላ መልስ የለኝም። ከተስፋዎቹ ሁሉ ይሆናል የማይባለው፣ የሞተ መነሣቱ፣ አንድ ጊዜ ሆኗል። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1፥20 የእግዚአብሔር የተስፋ ቃሎች ሁሉ በክርስቶስ «አዎን» ናቸው ይላል። ሁለት ቁጥር ወረድ ስትዪ ደግሞ የመንፈሱን «መያዣ» በልባችን ሰጠን ይላል። መያዣ ማለት እኛ ቀብድ የምንለው ነው። አንቺ ቤት ፈላጊ ስለሆንሽ ይገባሻል። ቀብድ የሰጠ ሰው ቀሪውን ይዞ ይመለሳል።

በደርግ ጊዜ ወጣት ነበርኩ። ብዙ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበርና እኛ በየሰው ቤት መጋረጃ ዘግተን፣ አራት አምስት ሆነን፣ በሹክሹክታ ነበር የምንጸልየው። ዝማሬውም በሹክሹክታ ነው፤ ሞክሪው፣ ከባድ ነው። በዚህ ዓመት ይከፈታል ያለን አልነበረም። ያስተማሩን ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ 1983ን ሳያዩ ሞቱ። አንደኛው በታመመ ጊዜ ልንጠይቀው ሄደን ስለሚከፈተው በር ሲያወራን ነበር። እኔ ነኝ የማየው አላለም። «ታያላችሁ» ነው ያለን። ሳስበው እሱም ሲሳለም ነበር።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ቁጠባውን አታቋርጪ። ትንቢቱ ውሸት ነበር ማለት ምዝገባው ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አይገናኙም። ኪራዩን በተመለከተ፣ የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራይም ደስ ባለው ጊዜ ደስ ያለውን እንዳይጨምር ይላል። ውላችሁ ካልተመዘገበ ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡት። ይህ ከእምነት ጋር ምን ያገናኘዋል እንዳትይኝ። አብርሃምም በምስክር ፊት ነው የከፈለው።

ስለ 30 ሺው ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በጽሑፍ ጠይቂ፤ ብቻሽን አትሂጂ። ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም። ተስፋ የሚሰጡሽ ሰዎች በቅተውሻል። «ዘር» የሚለው ጥቅስ የተወሰደበትን 2ኛ ቆሮንቶስ 9ን ግን አንብበሽ ሂጂ። እዚያ የሚሰበሰበው ገንዘብ በኢየሩሳሌም ለተቸገሩ ምእመናን ነው። ሰጪውም «በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ተብሏል። ትንቢት ማስፈጸሚያ የሚል አላየሁበትም።

ባልሽን ወደ ቤተ ክርስቲያን አትጎትቺው። ቢያንስ እሱ የተሰማውን ነው የሚናገረው። መዝሙር 89ን አሳዪው፤ በድሮው ዳዊት የሚደግሙት 88 ነው የሚሉት። መዝሙረኛው እግዚአብሔር ለዳዊት የገባውን ኪዳን ቁጭ አድርጎ ይዘረዝርና፣ መጨረሻው ላይ የማልህለት የቀድሞ ምሕረትህ ወዴት ነው ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። ይህ ሰው ከጸሎት መጽሐፍ አልተባረረም። ባልሽም እንደዚያ መጠየቅ ይችላል። የሚጠይቀው ግን እግዚአብሔርን ይሁን፤ አንቺ ላይ ከመተረት ይሻላል።

ለልጅሽ ረጅም ትምህርት አትስጪያት። «እግዚአብሔር ነገ ተመለሱ አላለንም። ቁልፍ እሰጣችኋለሁም አላለንም። እሱ ብሏል ያለን ሰው ነው፤ እኔም ሳላጣራ አመንኩ፤ ተሳስቻለሁ» በያት። የ11 ዓመት ልጅ ይህን በደንብ ትረዳለች። እናቷ ተሳስቻለሁ ስትል መስማቷ ከጥቅሱ ሁሉ በላይ ይቀራታል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ያዘገየሁትም ሆን ብዬ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ትንቢቱን አይደለም። ግን ባልሽ እስከ ዛሬ ዕቁቡ ይደርሳል ብሎ እየጠበቀ ነው። ምናልባት በልቡ አንድ ነገር አቅዶበታል፤ የልጆች ክፍያ፣ የተጨመረውን ኪራይ መሸፈኛ። የማይመጣ ነገር በቀን እንዲቆጥር አድርገሽዋል። አንቺን ሰውየው ያደረገሽን ማለት ነው። ይህን ስጽፍልሽ እጄ ከብዶኛል፤ ክፋት እንደሌለብሽ አውቃለሁና።

ዛሬ ማታ ንገሪው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቡና አፍልተሽ ወይም ሳታፈዪ፤ ጥቅስ ሳትጨምሪበት። ይቆጣል። ይቆጣ። አንድ ሁለት ቀን ላያናግርሽም ይችላል። ሲያናግርሽ ጻፊልኝ።